ሳልከፍት የጠበቅኩት ባልዲ

ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እስከ ዛሬ ለማንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ተናግሬው አላውቅም፤ የሰማ ሁሉ «በድንች የተጣሉ እህትማማቾች» ብሎ ስቆ ያልፋልና። በድንች አልተጣላንም። አንብባችሁ እናንተ ፍረዱ።

ያን ጊዜ ልጄ ትዕግስት ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ከመንደራችን ትምህርት ቤቷ እስካለበት እስከ መካነ ሰላም በእግር ሁለት ሰዓት ስለሚያስኬድ፣ ከሁለት የጎረቤት ልጆች ጋር ከተማ ቤት ተከራይተንላቸው ሰኞ ሄደው አርብ ይመለሳሉ። ስንቋን አስይዤ ከሸኘኋት እስክትመለስ ድረስ ግማሽ ሰው ነኝ። ከእሷ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ቀብሬያለሁ። ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር፤ አንድ ቀን ጠዋት ከጥጃ ጋር ሲሯሯጥ ዋለ፣ በማግስቱ በትኩሳት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሰው ወደ ቤቴ ፈጠን ብሎ ሲመጣ ካየሁ የያዝኩትን ጥዬ ብድግ እላለሁ። ባሌ ለሥራ ወደ ቆላ ስለሚወርድ ብዙውን ወር ለብቻዬ ነኝ፤ የምሰጋውም ለብቻዬ ነው።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ያሳደገችኝ እህቴ ብርቄ ናት፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ታምማ በተኛች ጊዜ ጸጉሬን የሠራችልኝ፣ ያጎረሰችኝ፣ ትምህርት ቤት ያስገባችኝም እሷ ናት። በኋላ እሷ አገባች፣ እኔ ከእናታችን ጋር ቀረሁ። እናታችን በእኔ እጅ ስትሞት ቤቱና ጓሮው ለእኔ ሆነ። እትዬ ብርቄ ያኔ አንድም ቃል አልተናገረችም። ዝምታዋን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት።

ከጓሮው ጋር ድንቹም ለእኔ ሆነ። በእኛ ሰፈር «ጠይሜ» እንለዋለን፤ የሌላው ድንች አገዳ ነጣ ያለ ሲሆን የእሱ ግን አንጓ አንጓው ላይ ጠይም ነው። እናታችን ከየት እንዳመጣችው አልነገረችንም። የማውቀው፣ ክረምት ገብቶ ጉሙ ሳምንት ሙሉ አልገፍ ሲል፣ የሰው ሁሉ ድንች ምች መትቶት እሳት የበላው ሲመስል፣ ጠይሜ አረንጓዴ ሆኖ መቆሙን ነው። ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት ልጄን ያበላኋት እሱን ነው። ዘር ለጠየቀን ሁሉ ሰጥተናል። እናታችን ዘር መከልከልን ከስርቆት ለይታ አታየውም ነበር።

ያ ደግነት ግን በሽታም አዞረ። ምችን የቻለ ድንች አጠውልግ የሚባለውን አልቻለም። ይህኛው በሽታ በአፈርና በዘሩ ውስጥ ተደብቆ ይሄዳል፤ ተክሉ ለምለም እንደሆነ ድንገት አንገቱን ይደፋል። እኛ ዘር ስንሰጣጥ በሽታውንም ስንሰጣጥ ኖረናል። በሦስት ዓመት ውስጥ ጠይሜ ከሰፈሩ ጠፋ። ሰው ሌላ ዓይነት ድንች ተከለ። የእኔ ጓሮ ላይ ብቻ፣ ያውም በበልግ የተከልኳቸው ስድስት እግር ቀሩ።

ሰላማዊት የመጣችው እንዲህ ባለንበት ወቅት ነው። ከግብርና ምርምር የመጣች፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ቀጠን ያለች ልጅ ናት። የልማት ሠራተኛው ስለ ጠይሜ ነግሯት ነው። ከእያንዳንዱ እግር አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣ ለየብቻ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አቆመችና «ዝም ብለን እንይ» አለች። ከአምስቱ እንደ ወተት ያለ ነጭ ክር እየተንጠባጠበ ወደ ውኃው ወረደ። አንዱ ብቻ፣ ከድንጋይ እርከኑ በላይ ለብቻው የበቀለው፣ ውኃው ጥርት ብሎ ቀረ።

«እትዬ አስካለ፣ እነዚህ አምስቱ ታመዋል። ይነቀሉና ይቃጠሉ። ይህን ግን እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁልኝ» አለችኝ።

አብራን ቆማ የነበረችው እትዬ ብርቄ ሳቀች። «አፈር ይታመማል እንዴ? እኔስ የሚታመም ሰውና ከብት ነበር የማውቅ።»

ሰላማዊት አልተቆጣችም። ጓሯችን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነገሩን በትዕግሥት አስረዳችን። ሰው የውርስ ጽሑፉን ሁለት ቅጂ ይዞ ነው የሚወለደው፤ አንዱን ከእናቱ አንዱን ከአባቱ። ድንች ግን አራት ቅጂ አለው፤ ሁለት ከእናቱ ሁለት ከአባቱ።

«እኔስ ካንዱም አላገኘሁ» አለች እትዬ ብርቄ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ።

ሰላማዊት ቀጠለች። ጽሑፉን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አይቻልም፤ ቁርጥራጩን ያነቡና ቁርጥራጩን መልሰው ይገጣጥማሉ። የድንች መከራው አራቱ ቅጂዎች እጅግ መመሳሰላቸው ነው። እኔ በራሴ መንገድ ነው የገባኝ። «አራት እህትማማቾች ከአንድ ጣቃ ቀሚስ ቢሰፋላቸውና አራቱም ቀሚስ ተቀዳዶ ቢደባለቅ፣ የቱ ጨርቅ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?» አልኳት።

«በቃ! ይኸው ነው!» ብላ ጉልበቴን መታ አደረገችኝ። «ጨርቁ ትንንሽ ከሆነ አይለይም። ረጃጅም ሆኖ ከተገኘ ግን የአንዷ ቀሚስ እዚህ ጋ ጥቁር ነጥብ አለው፣ የሌላዋ የለውም እያልን እንለያለን። ለዚህ ነው ቅጠሉን በሕይወቱ፣ በጥንቃቄ መውሰድ ያለብን። ምችን የሚከላከለው በየትኛው ቅጂ ላይ እንደተጻፈ ካወቅን፣ ሌላ ድንች ስናዳቅል ልጁ ወርሶ እንደሆነ ገና በችግኝነቱ እናውቃለን። አሁን እኮ ሺህ ችግኝ አሳድገን፣ ዓመት ጠብቀን ነው ብዙውን የምንጥለው።»

«ለእኔስ ምን ይተርፈኛል?» ብዬ እየፈራሁ ጠየቅኩ።

«ከዚሁ ተክል ጫፉን ወስጄ በጠርሙስ አባዛዋለሁ። ከበሽታ የጸዳ ዘር ይመለስልዎታል። ያለዚያ ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ እዚህ አፈር ላይ ከአንድ ዓመት በላይ አይቆይልዎትም።»

ከዚያ ወረቀት አወጣች። «የዘሩ ጠባቂ» የሚል መስመር ነበረው፤ ስሜን ጻፈችበት። እትዬ ብርቄ ጎኔን ነካ አድርጋ «የእኔንም አስጽፊው እንጂ፤ የእናታችን አይደለም እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ፈራሁ። የተማረ ሰው የጻፈውን ሠርዘሽ ጻፊ ማለት ከበደኝ። «ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ» አልኳት። ጥፋቴ ይህ ነው። አልደብቃችሁም።

ሰላማዊት በተክሉ አገዳ ላይ ቀይ ክር አሰረችና ጥቁር ባልዲ ደፋችበት፤ ዙሪያውን በጆንያ ሸፈነችው። ሁለት ቀን ብርሃን ማየት የለበትም አለች። ቅጠሉ በፀሐይ የሚያጠራቅመው ነገር ሥራቸውን እያጣበቀ ያበላሽባቸዋል፤ ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ግን የራሱን ስንቅ በልቶ ይጨርሳል።

«እንደ ጾም ማለት ነው» አልኳት።

«እንደ ጾም። ግን ማንም እንዳይከፍተው፤ እርስዎም ቢሆኑ። ከነገ ወዲያ ጠዋት እመጣለሁ።»

የመጀመሪያውን ቀን እዚያው ዋልኩ። ባልዲው ዙሪያ ድንጋይ ደረደርኩ፤ ዶሮ ሲጠጋ «እሽ!»፣ ፍየል ሲያሸት ዱላ። ጥጥ ይዤ ከአጠገቡ ተቀመጥኩ። እትዬ ብርቄ ምሳ ይዛልኝ መጣች።

«ዘንድሮስ የባልዲ ዘበኛ ሆነሽ ቀረሽ» አለች እየሳቀች።

«ምን ላድርግ፣ የቀረው እሱ ብቻ ነው።»

«እዚያ ውስጥ ታፍኖ ሞቶ ቢሆንስ? እስቲ ገለጥ አድርገሽ እይው።»

«አይከፈትም ተብያለሁ።»

«ትንሽ፣ በጎን?»

«እትዬ፣ እኔ አልከፍተውም። ሲመጡ እነሱ ይክፈቱት።»

ትክ ብላ አየችኝ። ዛሬ ያን አስተያየቷን ሳስበው፣ ያኔ የፈለገችውን መልስ እንዳገኘች ይገባኛል።

በሁለተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው። ከቁልቁለቱ በኩል ሴት ስትሮጥ አየሁ። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ለመሬት ይጎተታል። እትዬ ብርቄ ናት። ገና ሳትደርስ ብድግ አልኩ፤ ጥጡ ከጭኔ ላይ ተበተነ።

«አስኩ! አስኩዬ! አትደንግጪ!»

«ምንድን ነው? ማን?»

«ትዕግስት… ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ወድቃ ነው አሉ። ጭንቅላቷን ነው አሉ። ሐኪም ቤት ወስደዋታል።»

«ማን አለ? ማን ነገረሽ?»

«ከከተማ የሚመለስ ሰው መንገድ ላይ ነገረኝ። ኧረ ሂጂ! ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?»

ስልኬ ከትናንት ጀምሮ ባትሪ ጨርሶ ጎረቤት ጋ ሶላር ላይ ነበር። ወደ ባልዲው ዞርኩ፤ ተክሉ ትዝ አለኝ። ልጄ ደም እየፈሰሳት ተክል ትዝ ስላለኝ አፈርኩ።

«አብሽሪ እታለሜ» አለችኝ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ። «እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ተክሉን ለእኔ ተይው። አንቺ ለልጅሽ ድረሺላት።»

ሮጥኩ። ሁለት ሰዓት የሚያስኬደውን መንገድ በስንት እንደጨረስኩት አላውቅም። ወንዙ ጋ የፕላስቲክ ጫማዬ ማሰሪያው ተበጠሰ፤ አንዱን በእጄ ይዤ አንድ እግሬን ባዶውን ዳገቱን ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ አህያ እየነዱ ሲመጡ አቁሜ «አባባ፣ ከከተማ የወደቀች ልጅ ሰምተዋል?» አልኳቸው። «ያ ረቢ! አልሰማሁም ልጄ፣ አላህ ይማርልሽ» አሉኝ። እኔ ግን ስትቀበር እያየኋት ነበር የምሄደው። ያኔ የወንድሟ መቃብር ላይ የደፋሁት አፈር ልክ እንደ ትናንት በእጄ ውስጥ ተሰማኝ። «እመብርሃን፣ ይህችን እንኳ ተይልኝ። ሌላውን ሁሉ ውሰጂ፤ ይህችን ተይልኝ» እያልኩ ሄድኩ። ያን አፈር ስደፋ ከጎኔ ሆና እንዳልወድቅ ወገቤን የያዘችኝ እትዬ ብርቄ ነበረች። ይህን እንዳትረሱብኝ።

ሐኪም ቤት ደረስኩ። በር ላይ ያለው ሰው መዝገብ አይቶ «እንዲህ የምትባል ልጅ አልመጣችም» አለኝ። አላመንኩትም፤ ክፍል ለክፍል ገባሁ፤ ተቆጡኝ። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥኩ። ዘበኛው ሊይዘኝ ሲል አምልጬው የክፍሏን በር ገፋሁ። ትዕግስት ሦስተኛው ዴስክ ላይ እስክሪብቶ በአፏ ይዛ ተቀምጣለች።

«እማ?»

አቅፌ ጭንቅላቷን ዳበስኩ፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጆሮዋ ጀርባ። ምንም የለም። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። «እማ፣ ተይ፣ ሰው እያየ ነው» አለችኝ ፊቷ ቀልቶ። መምህሩ ወንበር ሰጡኝ። እኔ ግን እያለቀስኩ እስቅ ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያም ወዲህ አላየሁም።

ስመለስ ለእትዬ ብርቄ ዳቦ ገዛሁላት። እንዳለችው ከባልዲው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ደህና ናት!» አልኩ ገና ከሩቅ። «ምንም አልሆነችም!»

«ይመስገን! ይመስገን! ያ ውሸታም ሰውዬ፣ ምላሱ ይቆረጥ!» ብላ ደረቷን መታች።

ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ሳምኩ። አዎ፣ ጉልበቷን ሳምኩ። ቀና ስል ጥፍሯ ውስጥ እርጥብ አፈር አየሁ። ዓይኔን ተከትላ «ቁጭ ከምል ብዬ አረምሽን ነቀልኩልሽ» አለች። ለዚያም አመሰገንኳት። ባልዲው እንደ ነበረ ነው፤ ጆንያውም፤ ድንጋዩም። እኔም ቃሌን አክብሬ፣ ሳልከፍት፣ እዚያው ተቀምጬ ቀኑን አስመሸሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰላማዊት ከሾፌሩ ጋር መጣች። ክዳኑ ሲነሣ እንደ ጉም የሚያጨስ የብረት ዕቃ ይዘዋል፤ ከበረዶ እጅግ የቀዘቀዘ ነገር ነው፣ ቅጠሉ እንደተቆረጠ እዚያ ይገባል። የሰፈሩ ሴቶች ሊያዩ ተሰበሰቡ። እትዬ ብርቄም አጥሩ ጋ ቆማለች።

ሰላማዊት ጆንያውን አነሣች፤ ባልዲውን ቀስ ብላ ገለጠች። ቀዩ ክር አለ። እሷም ክሩን አይታ «በጣም ጥሩ!» አለች፤ መቀሱን አዘጋጀች።

እኔ ግን አንጓውን ነው ያየሁት። ነጭ ነበር።

ወደ ታች ጎንበስ አልኩ። የታችኛው አንጓም ነጭ ነው። ከዚያ ክሩን አየሁት። ሰላማዊት ያሰረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ይህኛው ግን ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ውስጥ የተቀረቀረ ቋጠሮ ነው። ያን ቋጠሮ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ የጸጉሬን ጫፍ በዚያ ቋጠሮ ስታስርልኝ ነው ያደግኩት፤ ከእሷ ሌላ እንደዚያ የሚያስር ሰው አላየሁም።

ቀና ስል እትዬ ብርቄ ታየኛለች። ዓይኗ ዝም በይ ይላል።

መቀሱ ቅጠሉ ላይ ደርሷል። ዝም ብል ማንም አያውቅም። እነሱ የሰፈሩን ተራ ድንች ይዘው ይሄዳሉ፤ ወራት ሙሉ የሌላ ሰው ቀሚስ ሲገጣጥሙ ይከርማሉ፤ የእናቴ ድንች ግን የለም። ብናገር ደግሞ ያሳደገችኝን ሴት በሰፈሩ ፊት ሌባ አደርጋታለሁ። 

«ቆረጥ ቆረጥ አድርጉት እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች እትዬ ብርቄ ከአጥሩ ጋ።

እሱን ባትል ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር።

«ቆይ» አልኩ። «ይህ የእኔ ተክል አይደለም።»

ሰላማዊት ፈገግ አለች። «እትዬ አስካለ፣ ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ይገረጣል እኮ። ልክ ነው።»

«ልጄ ብትገረጣ አላውቃትም? ይህ ጠይሜ አይደለም። አፈሩን ንኪው።»

ጣቷን ሰደደች። አፈሩ ቦካ ያለ፣ አዲስ የተጠቀጠቀ ነው። ተክሉን ሳብ ስታደርገው ያለ ምንም ትግል ከነሥሩ ተነሣ። ሴቶቹ «ውይ!» አሉ።

ማንንም ሳልጠራ ወደ እትዬ ብርቄ ጓሮ ሄድኩ፤ ሁሉም ተከተለኝ። ከጌሾው ሥር እንቅብ ተደፍቷል። አነሣሁት። ጠይሜ እዚያ ነበር። አገዳው መሬት ላይ ተኝቷል፤ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ሆኗል። እንደ ሁላችንም ድንቿ ታሞ ያለቀበት ያው አፈር ውስጥ ነው የተከለችው፤ «አፈር ይታመማል እንዴ» ብላ የለ።

«የእናታችን ነው!» ብላ ጮኸች። «ቤቱ ላንቺ፣ ጓሮው ላንቺ፣ አሁን ደግሞ ስሙም ላንቺ! ከእኔ ጓሮ በቅሎ ቢገኝ ምን አለበት? እኔ ልጇ አይደለሁም?»

«ነሽ» አልኳት። «ድንቹን ውሰጂው። ስሙንም ውሰጂ። ትዕግስት ግን ምን አደረገችሽ?»

ፊቷን ወደ ጌሾው አዞረች።

«ንገሪኝ። ወድቃ ነው ያለሽ ሰው ነበረ?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ በልጄ ለምን? ከብትሽ ገደል ገባ ብትይኝስ? ቤትሽ ተቃጠለ ብትይኝስ?»

መልሷን እስክሞት አልረሳውም። ጥላቻ አልነበረበትም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረችው። «በሌላማ አትነሺልኝም ነበር» አለች።

ሰላማዊት ተንበርክካ ተክሉን አየች። ቅጠሉ ለንባብ እንደማይሆን ነገረችኝ፤ ሲጠወልግ ረጃጅሙ ጨርቅ ይበጣጠሳል፣ ቁርጥራጩ አራት ተመሳሳይ ቀሚስ መልሶ አይሰፋም። ጫፉ ላይ ግን ገና ያልሞቱ ጥቃቅን እንቡጦች አሉ። በአልኮል በተጠረገ ምላጭ ሰባት ቆርጣ ወሰደች። «ተስፋ አልሰጥዎትም፤ እሞክራለሁ» አለች።  እሷም ተከድታለች፤ ያመነችው እኔን ነበር።

ከሰባቱ ስድስቱ ጠርሙስ ውስጥ ሞቱ። አንዱ ተረፈ። በዓመቱ ሰላማዊት የጣት ጫፍ የሚያክሉ ንጹሕ ዘር ድንቾች በካርቶን ይዛልኝ መጣች። ከዚያው ከተረፈው ካሳደጉት ተክል ላይ ቅጠል ወስደው፣ አንብበው፣ ገጣጥመውታል። በኮምፒውተሯ አራት ረጃጅም መስመሮች አሳየችኝ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቀለም አለው። ምችን የሚከላከለው ከአራቱ በአንደኛው ላይ ብቻ ያለ እንደሚመስላቸውና ገና እያረጋገጡ እንደሆነ ነገረችኝ። እንደዚያ ከሆነ ሲዳቀል ከልጆቹ ግማሹ ብቻ ነው የሚወርሰው።

«ግማሹስ?» አልኳት።

«ግማሹ ባዶ እጁን ነው። ከዚያው እናት ወጥቶ።»

ስለ እህቴ አሰብኩ። በወረቀቱ ላይ የእሷንም ስም እንድትጽፍልኝ ያኔ ነው የጠየቅኳት። ጻፈችው። ከባድ የመሰለኝ ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

እትዬ ብርቄ ሰው ልካ ዘር አስጠየቀች። ከካርቶኑ ግማሹን ሰጠሁ፤ በሽታ ወደሌለበት ከወንዝ ማዶ ማሳዋ እንድትተክለው አደራ ብዬ። ሽማግሌዎችም አስታረቁን። በፊታቸው ለድንቹ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ይቅር አልኩ። «ስለ ልጄስ?» ስል አንደኛው ሽማግሌ «እሱማ ወሬ ነው እንጂ፤ ልጅቷ ይኸው ደህና አይደለች?» አሉኝ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ተመረቅን፤ ተሳሳምን። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ቤቷ ከሄድኩ ግን ስንት ጊዜ ሆነኝ።

ብዙ ሰው ያመነው ሰው ሲከዳው የተወሰደበትን ዕቃ ይቆጥራል። እኔም ያኔ የቆጠርኩት ተክሉን ነበር። የተወሰደብኝ ግን ሌላ መሆኑን ያወቅኩት ባለፈው ጥቅምት ነው።

የማላውቀው ባጃጅ ነጂ በእግሩ ዳገቱን ወጥቶ በሬ ላይ ቆመ። ላብ አጥምቆታል። «የትዕግስት እናት እርስዎ ነዎት? ልጅዎ ሆዷን በጣም ታማ ሐኪም ቤት አስገብተናታል። ቶሎ ይምጡ» አለኝ።

አልተነሣሁም። ድንች እየለቀምኩ ነበር፤ መልቀሜን ቀጠልኩ።

«አይተሃታል ወይስ ሰምተህ ነው?» አልኩት።

«አይቻታለሁ እትዬ፣ እኔ ነኝ ያደረስኳት።»

«ምን ለብሳለች?»

ነገረኝ። ዩኒፎርም አለ። ዩኒፎርም ሁሉም ይለብሳል ብዬ አሰብኩ። የአከራይዋን ስልክ ደወልኩ፤ አይነሣም። «ማን ላከህ? ከዚህ ሰፈር ማንን ታውቃለህ?» እያልኩ እንደ ሌባ መረመርኩት። በመጨረሻ ሰውየው ዓይኑ እንባ ሞላ፤ «እኔም እናት አለኝ እኮ» አለኝ። ያኔ ነው የተነሣሁት።

ትርፍ አንጀት ነበር። ስደርስ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታለች፤ ከመግባቷ በፊት እናቴ ሳትመጣ አልገባም ብላ እያለቀሰች እንደ ነበር ነርሷ ነገረችኝ። ተርፋለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ደህና ናት። ስትነቃ «እማ፣ መንገዱ ራቀሽ አይደል?» አለችኝ። «አዎ ልጄ፣ ራቀኝ» አልኳት።

መንገዱ አልራቀኝም። ከቤቴ ሳልነሣ ነው ያን ያህል ጊዜ ያለፈው። ይህን ለትዕግስት እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ማንበብ ትወዳለች፤ እዚህ ታገኘዋለች።